«ልብ ወለድ» ብሎ የመጣ አልዋሸም

ኢተያ ላይ ስለ እንክርዳድ መስበክ ድፍረት ይጠይቃል። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው አስፋልት ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ ምእመኑም ሲናርን ከስንዴ ገና በቅጠሉ የሚለይ፣ ክረምቱን መርጫ በጀርባው አዝሎ ከማሳ ማሳ ሲል የከረመ ሰው ነው። ለዚህ ሰው፣ ስንዴውም እንክርዳዱም እስከ አጨዳ አብረው እንዲያድጉ ስላዘዘው ባለ እርሻ ሲነግሩት፣ በልቡ መጀመሪያ የሚለው «ይሄ ሰውዬ እርሻ አያውቅም» ነው። ምሳሌው የተነገረው ግን እንዲህ እንዲል ነው። አረም እያየ እጁን የሚሰበስብ ገበሬ ማን ነው ብሎ የጠየቀ አድማጭ ከተረቱ ውስጥ ገብቷል፤ በሩም ከኋላው ተዘግቷል። ስለ ትዕግሥት አሥር ነጥብ ቢዘረዘርለት ሦስተኛው ላይ ያንቀላፋ ነበር።

ይህን ያነሣነው ለአንድ የቆየ ክርክር ነው። ክርስቲያን ልብ ወለድ ያንብብ? በሰንበት ትምህርት ቤትም በወንጌላውያን የወጣቶች ኅብረትም ይነሣል። የከልካዮቹ መልስ አጭር ነው፦ ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት ነው፣ ጊዜም ያባክናል፣ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ከተረት ራቅ ብሎታል። የዚህ መጽሔት ፍርድ ደግሞ ያንብብ፣ የቻለም ይጻፍ ነው።

ነቢዩ ናታንን እናስብ። ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዷል፣ ባሏንም አስገድሏል። ናታን ክሱን በቀጥታ አላነበበለትም። በጉያው እየተኛች ከእጁ እየበላች ስላደገች የአንድ ድሃ ጠቦት አወራው፤ ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት የራሱን መንጋ ሳስቶ ያችን አንዲት ጠቦት አረደ። ዳዊት የበግ እረኛ ነበርና ተቆጣ፣ የሞት ፍርድም ፈረደ። ያ ድሃ አልነበረም፤ ጠቦቷም አልነበረችም። ናታን ውሸታም የሚለው አለ? ንጉሡ በገዛ አንደበቱ በራሱ ላይ የፈረደው ያልነበረ ሰው ታሪክ ሰምቶ ነው።

ጳውሎስም ቢሆን አቴና ላይ ቆሞ ሲሰብክ የግሪኮችን ባለቅኔ ጠቅሷል። የከለከለው ተረት፣ በእውነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሃይማኖት ነኝ የሚለውን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የአያቶቻችን ተረት «ተረት ተረት» ብሎ ይጀምራል፤ ሲያበቃም ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ይላል። (በስንዴ አገር የሚከብድ ዋጋ አይደለም።) ገብቶም ወጥቶም ስሙን ይናገራል።

ቤተ ክርስቲያንም ምናብን የምታውቀው ከጥንት ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ እንዲቆጥር ይጠበቅበታል፤ የትናንቱን ቢደግም ያፍራል። ሰሙን አልብሶ ወርቁን መሸሸግ የሚማረው በዚያው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው። በወንጌላውያኑም በኩል፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተሙት የንባብ መጽሐፍ የሕዝቡን ተረትና እንቆቅልሽ የያዘ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የወጣው በ1899 ነው፤ ተረቱ አምስት ዓመት ቀድሞታል። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ከልጅነቷ የቀራትን የሕዝቧን ጨዋታ ለወንጌል እንቅፋት አድርጋ አላየችውም። በአማርኛም የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ክርስቲያኖች ስለተዋጉት ጦርነት የሚተርክ ነው። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ደግሞ የእንግሊዛዊው ሰባኪ የጆን ቡንያን ጥላ አርፎበታል፤ ቡንያንም እ.ኤ.አ. በ1678 ባወጣው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ለምን በምሳሌ እንደ ጻፈ ለተቃወሙት ወዳጆቹ መልስ መስጠት ነበረበት። ክርክሩ ኢተያ አልተጀመረም።

ሥጋት የለም አንልም። ጊዜ የሚበላ፣ ሥጋን ብቻ የሚኮረኩር መጽሐፍ ሞልቷል፤ እሱን መምረጥ የአንባቢ ፋንታ ነው። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው፣ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለስለት የሰጡትን በዛብህን አይረሳም። ወላጅ በልጁ ዕድሜ ሊሳል ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ ከዐውደ ምሕረት ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ሁሉ ሰምቶታል፤ ቤት ለቤትም ተከራክሮበታል።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። መድረክ ላይ «በአንድ ከተማ የሆነ እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ይነገራል፤ ከተማው አይጠራም፣ ሰውየው አይታወቅም፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ታሪክ ሌላ ከተማ ላይ ይሆናል። የዳነው በሽተኛ፣ የነደደው ቤት፣ ሳይቃጠል የተረፈው መጽሐፍ ቅዱስ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። አድማጩ ያለቅሳል፣ አሜን ይላል። ጳውሎስ ራቅ ያለው ተረት ይህ ነው። ልብ ወለድን በውሸትነት ከመደርደሪያ አውርዶ ይህን በምስክርነት መድረክ ላይ ማውጣት፣ በእኛ አስተያየት፣ እንክርዳዱን ትቶ ስንዴውን መንቀል ነው። ያውም ቸኩሎ።

ስለዚህ ለራሳችን ወስነናል። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ አንድ አጭር ልብ ወለድ እናወጣለን፤ ከርዕሱ በላይ በጉልህ «ልብ ወለድ» ተብሎ ይጻፍበታል። ምስክርነት የሚልኩልን ወገኖች ደግሞ ቦታውን፣ ጊዜውንና ነገሩን ያየ ሁለተኛ ሰው ይጥቀሱልን። ይህ የማይሟላለት ጽሑፍ ወደ ላኪው ይመለሳል። ጸሐፊው ከፈቀደ ግን በልብ ወለዱ ገጽ ቦታ አለው።