ከዶሮው አስቀድሞ ማደሪያው
«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል ተረታችን። ዶሮውን አብዝቶ ማደሪያውን ሳያሰፋ የሚቀር ሰውም የሚደርስበት ይኸው ነው።

በመራዊ አጠገብ የቆጋ ወንዝ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ከተሰናዳ ወዲህ፥ የአገሩ ገበሬ በበጋም ማምረትን ለምዷል፤ ከማሳው የሚተርፈውም እህልና ቅጠል ለዶሮ ቀለብ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የተዠመረው የሌማት ትሩፋትም ዶሮ ማርባትን ከወተትና ከማር ጋራ አንድ አድርጎ የሚያበረታታ ነው።

ነገር ግን ለአምስት ዶሮ የበቃ ቆጥ ለሠላሳ አይበቃም። ለአምስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ቢታሰብ፥ ለሠላሳው ርዝመቱ 3፥ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ቤት ያስፈልጋል። በጠበበ ቤት ጕዝጓዙ ይረጥባል፤ የኵሱ ሽታ ትንፋሽ ያውካል፤ ዶሮዎቹም ይነቋቈራሉ። ፈንግል የገባ እንደ ሆነ ደግሞ መንጋውን ጠራርጎ ይወስዳል።

ማሻሻሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የባሕር ዛፉ አጣና በደጅ አለ። ነፋስ እንዲገባ፥ ሽለምጥማጥ ግን እንዳይገባ የግድግዳው ላይኛው ክፍል በወንፊት ሽቦ ይሠራ። መዋያው ቅጥር ለሁለት ተከፍሎ በየተራ ይረፍ። ከገበያ የመጣ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቈይ፤ ክትባቱም አይታለፍ።

ስለዚህ ገበሬው ዶሮ ከመግዛቱ በፊት ቤቱን እንዲያሰፋ፥ ጫጩት የሚያድለውም ባለሙያ አስቀድሞ «ማደሪያው ወዴት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እናሳስባለን። ሊቈጠር የሚገባው የታደለው ጫጩት ሳይሆን አድጎ ዕንቍላል ለመጣል የበቃው ነውና።