መኪናው ጣርማ በር ላይ ሲቆም

ከዋሽንግተንም ከፍራንክፈርትም ገንዘብ ልኮ ለወንድም መኪና ማስገዛት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ልጆች ዘንድ የቆየ ነገር ነው። መሬቱ ጠቧል፣ ልጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ አንድ አይሱዙ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ጣጣው የሚመጣው ከአዲስ አበባ «እንከን አይወጣለትም» ተብሎ የተሸጠው ያገለገለ መኪና የጣርማ በርን ዳገት ሲጀምር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ነጋዴው «አይታችሁ፣ ነድታችሁ ወስዳችኋል» ይላል። ደላላው ስልኩን ያጠፋል። እኛ ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደውለን እንዝታለን። ዛቻው አንድም ቀን ብር ሲያስመልስ አላየሁም። እንዲህ ያለው ክርክር የሚሸነፈው ሕግ ስለሌለ አይመስለኝም፤ ጉድለቱ እንደታየ በጽሑፍ የሚያስታውቅ፣ በእኛ ስምም ተናግሮ የሚፈርም ሰው ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናው። አዲስ አበባ ላይ ሻጩ ቀለበት መንገዱን አዙሮ ሲያሳያችሁ ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል፤ መሐል ሜዳም እንደዚያው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ውሃም በዚያ ከፍታ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ የደከመ ራዲያተር ወይም የተቃጠለ የቴስታ ጋስኬት ሜዳ ላይ ተደብቆ ቆይቶ እዚህ ይጋለጣል። ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደውማ ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ፍሬኑን፣ ማዶውን ሲወጣ ሞተሩን ይፈተናል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከታያችሁ ውሃ ገብቶበታል።

ነጋዴው ይሄኔ «ዳገቱ ገደለው እንጂ ከእኔ እጅ ሲወጣ ደህና ነበር» ማለቱ አይቀርም። ክርክሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ጉድለቱ ርክክቡ ሲፈጸም ነበረ ወይስ በኋላ መጣ? እናም ወንድማችሁ ተቻኩሎ ደብረ ሲና ጋራዥ አስገብቶ ሞተሩን ካስፈታ ማስረጃውን በገዛ እጁ በተነው ማለት ነው። ፎቶ ይነሳ፣ የኪሎ ሜትሩ ንባብ ይመዝገብ፣ መካኒኩ ያየውን ጽፎ ይፈርም፣ ሻጩም መጥቶ ወይም ሰው ልኮ እንዲያይ ይጠራ። መፍታቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ውሉን አውጡት። እንዲህ ያለ ውል ግርጌ ላይ ብዙ ጊዜ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 2005 እና 2266 መሠረት የጸና ነው» የሚል መስመር አለ። ጸሐፊው ከልምድ የሚጽፈው፣ ፈራሚው ሳያነብ የሚያልፈው መስመር ነው። 2266 የሚንቀሳቀስ ነገር ሽያጭ የሚጀምርበት ቁጥር ነው። ከዚያው ሳትርቁ 2287 ላይ ስትደርሱ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና አለበት ይላል። ይህ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ነጋዴው ራሱ ፈርሞበታል! «አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዓይን ለሚታየው ጭረት ይረዳው ይሆናል፤ እያወቀ ለሸሸገው ጉድለት ግን መከታ አይሆነውም።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ሕጉ ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ካስታወቀ በኋላ ደግሞ መብቱን የሚጠይቅበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ማስታወቂያው በጽሑፍ ቢሆን፣ መድረሱም ቢረጋገጥ ይሻላል። «ደውዬለት ነበር» ማለት ችሎት ፊት ብዙ አያራምድም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ፎቶ በቴሌግራም መላክ እንኳ አይቻልም ነበር፤ መንገዱም ይዘጋል። ስለዚህ ወረቀቱ አዲስ አበባ ባለ ሰው እጅ ይሁን።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን (813/2006) የምትጠቅሱም አላችሁ። ለቤት መኪና ይጠቅማችኋል። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛውን ሰው ስለሆነ ለጭነት ሥራ የተገዛ አይሱዙ ላይ ግን መከራከሪያ ይነሳበታል። እንግሊዝ አገር ከነጋዴ የገዛ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ጉድለት ያለበትን መኪና መመለስ ስለሚችል፣ ጀርመንም ነጋዴው ላገለገለ መኪና ቢያንስ ለአንድ ዓመት ስለሚጠየቅ እዚያ የለመድነውን አገር ቤት እንጠብቃለን። አሜሪካ ያለነው ደግሞ መስኮቱ ላይ «ዋስትና የለውም» የሚል ወረቀት እያየን የምንገዛ ሰዎች ነን፤ አገር ቤት ስንደርስ ለምን እንደምንደነቅ እንጃ።

ሽምግልናን አልጠላም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በርስት ሲሟገት የኖረ አገር ልጆች ነን፤ ሙግት የት እንደሚያደርስ አባቶቻችን ያውቁታል። ግን ሽማግሌ ስለተላከ የሕጉ ቀን መቁጠር አያቆምም። ደግሞም የታረቀው ማነው? ሊብሬውና ውሉ በወንድማችሁ ስም ከሆነ ገዢው እሱ ነው፤ ገንዘቡን እናንተ ስለላካችሁ ባለጉዳይ አትሆኑም። በእናንተ ስም ከሆነ ደግሞ ከኤምባሲ የላካችሁትን ውክልና አንብቡት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2205 ወኪል ያለ ልዩ ሥልጣን መታረቅም ክስ ማቅረብም አይችልም ይላል። መኪና እንዲገዛ ብቻ የወከላችሁት የአክስት ልጅ በሽማግሌ ፊት የፈረመው እርቅ በኋላ ጥያቄ ይነሳበታል። ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ደግሞ ለጠበቃ ወይም ለቅርብ ቤተሰብ የተተወ ነው።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ሆኖ ነጋዴው «እኔ አገናኝ ነኝ» ካለ፣ መኪናው ሲበላሽ የምትይዙት ሰው የላችሁም። ገበያ በሬ ሲሸጥ «ዋስ ጥራ» ይባል የለ? ነጋዴውም በውሉ ላይ ዋስ ሆኖ ይፈርም፤ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በብር ይጻፍ፤ መጠኑ ያልተጻፈ ዋስትና በሕግ ዋጋ የለውም። እንቢ ካለ ስለ መኪናው የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

ለተበላሸባችሁ ደግሞ፦ «ገንዘቤን መልስ» ከማለታችሁ በፊት አስሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያገለገሉት ተወደዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ፍርድ ቤት ዋጋውን ከ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር ቢያስመልስላችሁ እንኳ ያንኑ ዓይነት መኪና አትገዙበትም። ሞተሩን አሳድሶ መኪናውን ማስቀረት፣ የማሳደሻውንና መኪናው የቆመበትን ቀን ኪሣራ ከሻጩ መጠየቅ በብዙ ጉዳይ ይሻላል፤ ለሽማግሌዎቹም «ውሉ ይፍረስ» ከሚለው ይልቅ ይሄኛው ለማስማማት ይቀላቸዋል።