ከድንጋይ ሥር የተቀመጠ ስም

የጦር ሠፈራችን ሞተረኞች፣ በመንገድ አደጋ የተለየንን የመልእክተኛ ጓዳቸውን ሙት ዓመት በምን ዓይነት ሁኔታ ቢያስቡት እንደሚሻል ጠይቀውናል። ባለቤቱም «ተበልቶ ተጠጥቶ የሚበተን ብቻ አይሁን» ብለውናል። ለጥያቄው መልስ ይሆን ዘንድ ከሩቅ አገር የተገኘ አንድ ልማድ በዚህ ሳምንት ዓምዳችን እናቀርባለን።

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ረግረግና ግራጫ ቋጥኝ የበዛበት ዳርትሙር የተባለ ነፋሻ ደጋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ክራንሜር ፑል በሚባለው ሩቅ ሥፍራ አንድ ጠርሙስ አኖረ። እስከዚያ በእግሩ የዘለቀ ሰው ስሙ የታተመበትን ካርድ በጠርሙሱ ውስጥ ትቶ ይመለስ ነበር። «የደብዳቤ ሣጥን ፍለጋ» የሚባለው የእግር ጉዞ የተወለደው ከዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውኃ በማያስገባ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ደብተርና የላስቲክ ማኅተም ይደረግና በቋጥኝ ሥር ይሸሸጋል። ፈላጊው ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ ከአንድ ጉልህ ምልክት ተነሥቶ፣ በተነገረው አቅጣጫና የእርምጃ ቁጥር ይጓዛል። ሲያገኘው የራሱን ማኅተም በሣጥኑ ደብተር፣ የሣጥኑንም ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም እንደነበረ መልሶ ይሸሽገዋል። አፈር አይቆፈርም፤ ጥንታዊ ቅርስም አይነካም። የዳርትሙር ሰሜናዊ ክፍል በከፊል የጦር ሠራዊት የተኩስ መለማመጃ በመሆኑ፣ ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ጊዜ ማንም ወደዚያ አይገባም። ወታደር አንባቢያችን የዚህን ምክንያት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከእነዚህ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ለሟች ወዳጅ መታሰቢያ የሚቀመጡ ናቸው። ጓደኞችና ቤተሰብ አብረው ዳገቱን ይወጣሉ፤ የመንገዱ ርዝመት ያነጋግራቸዋል፤ አንዱ ስለ ሟቹ የማያውቀውን ከሌላው ይሰማል። በሞተር ፈጥኖ ያለፈን ሰው በእግር ዝግ ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ መታሰቢያው በጉዞው እንዲያበቃ አንሻም። ከዴቨን በስተምሥራቅ በሚዋሰነው በዶርሴት አውራጃ፣ ሎውረንስ ዘ አረቢያ በሚል ስም የታወቀው ቲ. ኢ. ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በሜይ 13 ቀን 1935 በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲል ወደቀ። የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ሂዩ ኬርንስ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1941 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያዎቹ 21 ወራት በብሪታንያ መንገዶች ላይ 2279 ሞተረኞችና አብረዋቸው የተፈናጠጡ ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር በሥራ ላይ ያሉ ሞተረኞቹ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። አንድን ሰው ማዳን ያልቻለው ሐኪም የብዙዎችን ሕይወት አተረፈ።

የእኛ ጓድ በዚያ ዕለት የራስ ቁር ነበረው፤ ነገር ግን በሞተሩ መሪ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። ከበሩ ሲወጣ አይተነዋል፤ በእጃችን ሰላምታ ሰጠነው እንጂ «አድርገው» አላልነውም። ይህን በዚህ ገጽ ላይ መጻፍ ቀላል አልሆነልንም።

ስለዚህ ሐሳባችን የሚከተለው ነው። በሙት ዓመቱ ዕለት፣ ከሠፈሩ በስተጀርባ ወዳለው ኮረብታ በእግር እንውጣ። ሣጥኑን ባለቤቱና ልጆቹ ራሳቸው በመረጡት ድንጋይ ሥር ያኑሩት። ማኅተሙ ላይ የራስ ቁር ምስል ይቀረጽበት። በደብተሩ ስሙን የሚያሰፍር ሞተረኛ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የራስ ቁሩን ማሰሪያ ሳያጠብቅ ሞተር ላለማስነሣት ቃል ይግባ። እናንተም የሠፈራችን እናቶችና እኅቶች፣ ባሎቻችሁን በር ላይ ስትሸኙ ማሰሪያውን እዩ፤ ካልታሰረ ተናገሩ። እኛ ዝም ብለናልና።