ብዙ መያዝ ብዙ መኖር አይደለም

የዓሣ ሀብት ጉዳይ በአገራችን ሲነሣ ወሬው የሚጀምረውም የሚያበቃውም በቶን ነው። ዘንድሮ ብዙ ቶን ከተያዘ ሀብቱ እንዳደገ ይቆጠራል። ይህ አስተሳሰብ አደገኛ መሆኑን ለማሳየት አንድ ቀላል ቀመር ይበቃል።

አሜሪካዊው ሚልነር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ሞዴል መሠረት የዓሣ ክምችት ከሁሉ በላይ የሚተካው ውኃው ሊይዝ ከሚችለው መጠን ግማሹ ላይ ሲሆን ነው። 1,000 ቶን ሊይዝ የሚችል፣ ዓሣውም ጥበት ባይኖርበት በዓመት 40 በመቶ የሚራባበት ሐይቅ አለ እንበል። ክምችቱ 500 ቶን ሲሆን በዓመት 100 ቶን ይተካል፤ ያንኑ ያህል ማስገር ይቻላል። በድርቅ ወይም በሕገ ወጥ መረብ ወደ 400 ቢወርድ ግን የሚተካው 96 ቶን ብቻ ነው። ኮታው በ100 ከጸና ጉድለቱ በየዓመቱ እየሰፋ ሐይቁን ባዶ ያስቀረዋል።

ታዲያ ክምችቱ 400 ይሁን 500 በምን ይታወቃል? ዓሣ እንደ ከብት በረት ገብቶ አይቆጠርም። መረብ ውስጥ የገባውን አይቶ መገመት የተለመደ ነው፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ እየመነመነ ሳለ የተረፈው በአንድ ስፍራ ይከማች ስለ ነበር የትልልቅ መርከቦች መረብ ሞልቶ ይወጣ ነበር። ግምቱ ከእውነቱ በላይ ሆነ፤ መንግሥትም ሥራ አጥነትን ፈርቶ ኮታውን በበቂ መጠን ሳይቀንስ ቆየ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1992 ማስገር ሲታገድ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ ፈቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ጣናም ይኸው ወጥመድ አለበት። በሳይንሱ ላቤኦባርበስ ከሚባሉት የሐይቁ ዓሦች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ አይገኙም። በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። እዚያ የተጣለ መረብ መሙላቱ የብዛት ምልክት አይደለም፤ የነገውን ዘር ዛሬ መብላት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ክምችታቸው በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጎደለን ሕግ አይደለም። የወንዝ አፎቹ በመራቢያው ወራት ይዘጉ፤ አስጋሪውም በእነዚያ ወራት ይደገፍ፤ ቆጠራውን ከቶን ሪፖርቱ ነፃ የሆነ ወገን ያካሂደው። ደሃው አስጋሪ ይራባል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ይሁንና ጥቂት ወራት መታገሥና ለዘለዓለም መረብ መስቀል እኩል አይደሉም። ሳይቃጠል በቅጠል።