የሐሳብ ነፃነት በእጅ አዙር አይታፈን!



የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት ሐሳቡን በመረጠው መንገድ የመግለጽ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ቅድመ ምርመራንም በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ይሁን እንጂ አፍ የሚዘጋው በሳንሱር ቢሮ ብቻ አይደለም። ፓርቲ ለስብሰባ የሆቴል አዳራሽ ይከራያል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ የጥሪ ወረቀት ይበትናል። በዋዜማው ለባለሆቴሉ ስልክ ይደወልለታል። በማግስቱ ተሰብሳቢው በር ላይ ሲደርስ «አዳራሹ እድሳት ላይ ነው» ይባላል። ባለሥልጣኑ «እኔ አልከለከልኩም፣ ባለንብረቱ ነው» ይላል፤ ባለንብረቱም ንግድ ፈቃዱንና ግብሩን እያሰበ ዝም ይላል።

የፓርቲያችን አቋም ይህ ነው። የግል ንብረት በአንቀጽ 40 የተከበረ ነው። ባለሆቴል ያልፈለገውን ስብሰባ፣ የፌስቡክ ገጽ ባለቤትም ያልወደደውን አስተያየት ሊከለክል ይችላል። የመናገር መብት አለኝ ብሎ የሰው ሳሎን ገብቶ መድረክ መዘርጋት አይቻልም። ነገር ግን ይህ መብት የባለቤቱ የሚሆነው በራሱ ፈቃድ ሲሠራበት ነው። መንግሥት በባለንብረቱ አፍ «አይቻልም» ሲል ተናጋሪውን ሐሳቡን፣ ባለቤቱን ደግሞ ንብረቱን ይቀማል።

ኢንተርኔትና ስልክም ከዚህ አላመለጡም። ከ1997 ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ሁለቱንም ያዘዘ ፍርድ ቤት አልነበረም። ሰውን በሰው ላይ የሚያስነሳ ቅስቀሳ በሕግ መጠየቁን እንደግፋለን። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፍ እንዲያነሱ ሲጠይቅ፣ ጽሑፉ በእርግጥ ጥላቻ መሆኑን አስቀድሞ የሚመረምር ዳኛ አላስቀመጠም።

ስለሆነም ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

ሀ) በቃልም ሆነ በስልክ ባለንብረትን አስፈራርቶ ስብሰባ ያስከለከለ ባለሥልጣን በወንጀል የሚጠየቅበትን ሕግ ያወጣል፤

ለ) በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የቀበሌና የወረዳ አዳራሾች ለገዢውም ለተቃዋሚውም በእኩል ኪራይና በተራ እንዲሰጡ ያደርጋል፤

ሐ) በመንግሥት ጥያቄ ጽሑፍ የሚነሳው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ኢንተርኔትን በጅምላ መዝጋትንም ይከለክላል።

ይህ ቃል ነገ እኛንም ይገዛል። ሥልጣን ስንይዝ የሚነቅፈን ሰው አዳራሽ እንዳያጣ ከወዲሁ እንፈርማለን።

ውድ መራጮች! ያልሰማችሁትን አማራጭ ልትመርጡ አትችሉም። አዳራሽ ሲዘጋብን የተደፈነው የእናንተ ጆሮ ነው። የምርጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የተዘጋውን በር በድምፃችሁ ክፈቱት!