ሳቁን የጻፈው ማን ነው?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን እያየ በሳቅ ይፈርሳል። ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ሚስተር ቢን ነው። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ልጁ ሳይወለድ የተሠራ ነገር እኮ ነው! ትርጉም አይፈልግ፣ ብዙ ንግግር የለው፤ የሰውዬው ፊት ብቻ ይበቃል።

ይበቃል ብለን የምናስበው ግን እኛ ነን። ያ ፊት የቱ ጋ እንደሚደነግጥ፣ የቱ ጋ እንደሚያፍር ቁጭ ብለው ያሰቡና የጻፉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ራሱ ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ነው። ሌላው ሪቻርድ ከርቲስ ይባላል። የመጀመሪያውን ሁላችንም በመልክ እናውቀዋለን። ሁለተኛው መንገድ ላይ ቢያልፈን ዞር ብለን አናየውም።

ሁለቱ የተዋወቁት ኦክስፎርድ ሲማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 «ብላክአደር» የተባለውን የቢቢሲ ኮሜዲ ጀመሩ፤ በ1990 ሚስተር ቢን መጣ። ዓለም እስካሁን የሚስቅበት ያ የቴሌቪዥን ሥራ 15 ክፍል ብቻ ነው። በቀን ሦስት ቪዲዮ ለሚለቅ ሰው ቁጥሩ ቀልድ ይመስላል። ከርቲስ ከዚያ ወደ ፊልም ዞረ፤ በ1994 የወጣው «ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል» በድርሰት ዘርፍ ለኦስካር አሳጨው፤ «ኖቲንግ ሂል»ም የእሱ ድርሰት ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ እኛ ጋም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በእኛው የ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ ጋር ሆኖ «ኮሚክ ሪሊፍ» የተባለውን በሳቅ ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት መሠረተ። በ1988 «የቀይ አፍንጫ ቀን» ተጀመረ፤ እንግሊዞች ቀይ አፍንጫ ለጥፈው እየሳቁ ያዋጣሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ቀልድ ጸሐፊ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ይኸው መልሱ።

ምስጋናው እንዳለ ሆኖ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። በቀልዶቹ መሀል አንድ ዝነኛ ሰው ከእንግሊዝ አፍሪካ ሄዶ በችግረኞች መካከል ቆሞ ሲያዝን የሚያሳዩ ፊልሞች ይገቡ ነበር። ያ ምስል ተጣብቆ ቀረ። ውጭ አገር «ከኢትዮጵያ ነኝ» ብሎ ወዲያው ስለ ረሃብ የተጠየቀ ሰው ያውቀዋል። ድርጅቱ ራሱ ዝነኞችን ወደ አፍሪካ መላኩን እንደሚተውና ካሜራውን ለአፍሪካውያን የፊልም ባለሙያዎች እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2020 ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ከርቲስን አልወቅስም። እስክሪብቶው በእጁ ነበር፤ ባየው መጠን ጻፈ። ጥያቄዬ ለእኛ ነው፤ የእኛው እስክሪብቶ በማን እጅ ነው? የምንወደውን ኮሜዲያን ስም ከነቅጽል ስሙ እንጠራለን። ያሳቀንን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው ግን ጠይቀን አናውቅም። ቲክቶክ ላይማ ጭራሽ አንዱ የፈጠረውን ቀልድ ሌላው እንዳለ ወስዶ ይሠራዋል፤ ላይኩ ለወሳጁ፣ ዝምታው ለጸሐፊው።

ስሙ የማይጠራና የማይከፈለው ጸሐፊ መጻፉን ያቆማል። የቤት ኪራይ በጭብጨባ አይከፈልም። እሱ ሲተው ደግሞ ስለ እኛ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ በደግ ልብም ቢሆን በራሱ ዓይን።

ስለዚህ ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ «ድርሰት» ብላችሁ የጸሐፊውን ስም ከሥር አስቀምጡ፤ ገቢ ሲመጣም አካፍሉት። እኛ ተመልካቾች ደግሞ ሼር ከማድረጋችን በፊት ኮመንት ላይ አንዲት ጥያቄ እንጣል፦ «ማን ጻፈው?»