ቢጫና ሰማያዊ በነጭ ጠመኔ

በ2015 ዓ.ም. የግማሽ ዓመቱ እረፍት ላይ አንድ የሀገሬ ልጅ አስታማሚ ሆኖ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። የሀገሬ ልጅ ስል የአምበር ማለቴ ነው። ለማያውቃት፣ አምበር ዓባይን ተሻግረው፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፈው ደብረ ማርቆስ ሊደርሱ ሲሉ የሚያገኟት የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት አይቷት ያልፋል። ልጁ ከከተማዋ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ምን እንደሚያስተምር ጠየቅኩት።

"የተመደብኩት በሒሳብ ነው፤ ክፍለ ጊዜ ስላነሰኝ የክወናና የእይታ ጥበባትን ደርበው ሰጡኝ።"

"ታዲያ ሥዕል እንዴት ታስተምራለህ?"

"ቀለም የለንም ጋሼ። ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ ይሆናሉ ብዬ በነጭ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ፤ እነሱም ይገለብጣሉ። ፈተና ላይ ሲመጣ አብዛኞቹ ያገኙታል።"

ሁለታችንም ሳቅን። በማግስቱ ግን ነገሩ ስላልወጣልኝ፣ በሽተኛው እስኪታይ ባለው ሰዓት መምህሩን ይዤ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄድኩ። የሥዕል ትምህርት እንዲያስተምር የተመደበ ሰው የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ሥዕል ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆመና፣ "ጋሼ፣ ይኼን ለተማሪዎቼ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም ብሆን የሕግ ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጥቂት እርምጃ ርቄ ዓመታት ኖሬ፣ እነዚያን የመሳሰሉ ጥንታዊ ሥዕላት ያየሁት ከተመረቅኩ በኋላ የውጭ እንግዳ ሳስጎበኝ ነው። ስንፍናው የራሴ ነው፤ ማንንም አልወቅስበትም። ግን እንደኔ ያለው ብዙ መሆኑን አውቃለሁ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ በሙዚየም በኩል ታድላለች። የአንድነት ፓርክ በ2012፣ የሳይንስ ሙዚየም በ2015፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተመርቀዋል። የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወቶች እንደገና ደምቀዋል። ደስ ይላል። ሕንጻው ሲመረቅ የሚነገረን ስፋቱና የፈጀው ገንዘብ ነው፤ ውሎ ሲያድር ደግሞ የጎብኚው ብዛት። በዓመት ስንት መምህር እንደሚሠለጥንበት፣ ከተማ ላልመጣ ተማሪ ምን እንደሚላክለት ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

በሥነ ጥበብ ብቻ ከሄድን ጥሩ ጅምሮች አሉ። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ኦክላሆማ ውስጥ ያረፈ ሰው ነው፤ በሀገሩ ስሙን የያዘ ቤት ለማግኘት ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቶበታል። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2015 የኦላፉር ኤልያሰንን፣ በ2016 የአዲስ አበባ ተወላጇን የጁሊ ምሕረቱን ሥራዎች አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የሚፈለጉ ናቸው፤ ለጥበብ ተማሪው ትልቅ ዕድል ነበር። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ሲከፈት አንድ ነገር ጨምሯል። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ ግድግዳውን በጭቃና በጭድ፣ በአባቶቻችን አሠራር አስነሱት፤ ግቢው ውስጥም የሕጻናት ትምህርት ቤት አኖሩበት። ልጅና ጥበብ አንድ አጥር ውስጥ ሲውሉ ማየት ለኔ ከማንኛውም ምረቃ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ከአምበር አንድ ክፍል ተማሪ ጭኖ ለማምጣት የ300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። የትኛው ርዕሰ መምህር ነው ይህን የሚደፍረው? ስለዚህ ለአምበር ልጅ ሙዚየሙ የለም ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ እንደ ሕግ ሰው መጀመሪያ የማየው ሕጉን ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያቋቋመው መሥሪያ ቤት ዓላማዎች ቅርስን መዝግቦ መቆጣጠር፣ ከአደጋ መጠበቅ፣ ለኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ልማት እንዲውል ማድረግና ማጥናት ናቸው። ማስተማር ራሱን ችሎ አልቆመም። "ማኅበራዊ ልማት" በሚለው ውስጥ አለ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም ደንበኛዬ ቢከፍለኝ እከራከራለሁ። ነገር ግን በሕግ በስሙ ያልተጠራ ሥራ በበጀት መጠየቂያ ላይም በስሙ አይጠራም። ሕገ መንግሥቱ በበኩሉ በአንቀጽ 91 ኪነ ጥበብን መደገፍን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል እንጂ። ይህቺን ሐረግ ያስገባ አርቃቂ ብልህ ነው፤ ስንቱ ግዴታ በእሷ በኩል ሾልኮ ወጥቷል! የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ ባጸደቀው ትርጓሜ ሙዚየም ለኅብረተሰብ አገልግሎት የቆመ፣ ለትምህርትም የሚውል ተቋም ነው። እኛ ዘንድ ግን ሙዚየም ዛሬም ቁልፉ የጠበቀ ዕቃ ቤት ነው። የዕቃ ቤት ኃላፊ የሚጠየቀው ዕቃው ጎድሎ እንደሆነ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስል አምበር ሥዕል የማያውቅ ሀገር ነው ማለቴ እንዳልሆነ ልብ ይበሉልኝ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። እኔ ሥዕል ያየሁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሸማ ተለብጦ፣ ሸማው ላይ የተሣለ። ከቅዳሴ በኋላ አያቴ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ በዘንጓ እየጠቆመች ታዞረን ነበር። ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ፣ ብሩታዊትን ከዛፉ ላይ ታሳየንና ትጠይቃለች፦ "እስቲ ይኼ ሰውዬ ለምን ባንድ ዓይኑ ብቻ ታየ?" አንዳችን እንመልሳለን፦ "ክፉ ስለሆነ!" ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ ከሃዲና ሰይጣን በጎኑ ባንድ ዓይን እንደሚሣል የተማርነው እንዲያ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ጥሩ የሙዚየም አስተማሪ የሚያደርገውን ታደርግ ነበር፤ ማቆም፣ ማሳየት፣ መጠየቅ፣ ልጁ ራሱ እስኪያገኘው መጠበቅ።

እሷ ያልጠየቀችን ጥያቄም አለ። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ እንደያዘ ባሕረ ኤርትራ ውስጥ ሲሰጥም ተሥሎ ይታያል። ፈርዖን ጠመንጃ ከየት አመጣ? ሠዓሊው የዘመኑን ወታደር ስለሣለ ነዋ! ይህቺ አንድ ጥያቄ ብቻ የአንድ ክፍለ ጊዜ የታሪክ ትምህርት ይወጣታል። ጎጃም እኮ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሀገር ነው። በልጅነቱ ከወለጋ መጥቶ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደገ፣ ብሩሽም ብዕርም የያዘ፣ ሠዓሊም የታሪክ ጸሐፊም ነው። ሥዕልና ታሪክ በአንድ ሰው እጅ እንደሚገናኙ ለማስረዳት ምሳሌ ፍለጋ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለዚያ መምህር ጥያቄ ዘግይቼ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። የገብረ ክርስቶስ "ጎልጎታ" እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራ፣ ቀዩ የሚገንንበት ሥዕል ነው። የአምበር ልጅ ስቅለትን ያውቃል፤ በዓመት ስንት ጊዜ ፊቱ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያኑን ስቅለትና የ"ጎልጎታ"ን ባለቀለም ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ "ምኑ ቀረ? ምኑ ተጨመረ?" ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። መምህሩ ሠዓሊ መሆን አይጠበቅበትም። የሚያስፈልገው ቅጂው፣ ሁለት ገጽ የጥያቄ ወረቀትና የሦስት ቀን ሥልጠና ነው።

ማለትም ሣጥን ነው የሚያስፈልገው። ሙዚየሙ አምበር ካልሄደ፣ ሣጥኑ ይሂድ። ሠላሳ ጥሩ ቅጂ፣ ቀለምና ብሩሽ፣ የመምህር መምሪያ፤ አንድ ወር አምበር፣ አንድ ወር ሉማሜ፣ አንድ ወር ቢቸና። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከመቅደላ የተዘረፈው ዘውዳችን ያለበት የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስቦቹን ወደየክፍለ ሀገሩ ከተሞችና ትምህርት ቤቶች የሚያዞር ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በበጀት ቅነሳ እስኪዘጋ ድረስ ለረጅም ዘመን ሠርቷል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ግዛት ልጅ ያን ያህል ታስቦለት ነበር። በኛም ሀገር ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ወስዷል። መጽሐፍ በአህያ ከሄደ የሥዕል ቅጂ የማይሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለው፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የቀረበ የለም።

"አሁን ይኼ ይወራል?" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስፈተንናቸው ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱን ተከትሎም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ቤት ውለዋል። ሰሌዳና ጠመኔ በጠፋበት ስለ ብሩሽ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሣጥን ላኩ የሚል ሰውም አይደለሁም። ሆኖም ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር "መጀመሪያ ዋናው ዋናው" እየተባለ ሥዕል ወደ ኋላ ሲገፋ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ፤ በሰላሙም ጊዜ ተራው አልደረሰም። ሁለት ዓመት ክፍል ሳይገባ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ የቆየ ልጅ ወደ ትምህርት ሲመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ይሰጠው? ሒሳብ ብቻ? የሒሳብ መምህሩ ራሱ አይመስለኝም ብሎኛል።

ሌላው ተቃውሞ ከካህናቱ የሚመጣ ነው፤ እሱም እውነት አለው። ካሜራ ይዞ የመጣ እንግዳ ተከትሎ ስንት ሥዕልና ብራና እንደጠፋ እነሱ ያውቃሉ። ስለዚህ ዋናውን አንነካም፤ ልጆቹ በአስተዳዳሪው ፈቃድ ቆመው ያያሉ፣ ቅጂው ትምህርት ቤት ይቀራል።

ከሕጉ በኩል የሚጎድለው ብዙ አይደለም። በአንቀጽ 51 መሠረት ለቅርስ አጠባበቅም ለትምህርትም ሀገር አቀፍ መስፈርት የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ማንኛውም ሙዚየም የትምህርት ክፍል እንዲኖረው፣ ከበጀቱም የታወቀ ድርሻ ከተቀመጠበት ከተማ ውጭ ላሉ ትምህርት ቤቶች እንዲያውል የሚያስገድድ አንድ አንቀጽ ይበቃል። "አቅም በፈቀደ መጠን" የሚለው ሐረግ እንዳይገባበት አደራ።

መምህሩ ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። የ"ጎልጎታ"ን ቅጂ አግኝቼ ልልክለት ቃል ገብቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፦ "ጋሼ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ እንዳይሆን።"